ገምቦ በየሰፈሩ

በደቡብ ሉዊዚያና ስለ ምርጫና ስለ ሃይማኖት ተከራክሮ በሰላም የሚለያይ ሰው ስለ ገምቦ የተነሣ እንደሆነ ፊቱ ይለወጣል። ገምቦ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር፤ ወጥ ነው። በነጭ ሩዝ ላይ ፈስሶ በማንኪያ የሚበላ፣ ከመረቅ የወፈረ፣ ከኛ ወጥ ግን የቀጠነ ወጥ። የሚያወፍረው በቅባት የተቁላላ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ወይም ባሚያ ነው፤ ወይም ደርቆ የተፈጨ የዛፍ ቅጠል ነው፤ ወይም ከነዚህ ሁለቱ ናቸው። ውስጡ ዶሮ፣ ቋሊማ፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ዳክዬ፣ አልፎ አልፎም የጎመን ዘር ሁሉ ይገባበታል። የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በ2004 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ገምቦን ይፋዊ ምግቡ አድርጎ በሕግ ደንግጓል። የትኛውን ገምቦ? ለሚል ጠያቂ ግን መልሱ ከሕግ መጽሐፍ አይገኝም። የሚገኘው ከየወጥ ቤቱ ነው፤ ከየወጥ ቤቱ የሚገኘውም መልስ አንዱ ካንዱ አይገጥምም።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት በዐይኔ ላይ የዞረው የጠላ ገንቦ ነበር። የቃላቱ መመሳሰል ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም የገንቦ አገር ሰው መሆኔ ለነገሩ ጆሮዬን እንድሰጥ ሳያደርገኝ አልቀረም።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በወጥ ቤት በር ሳይሆን በጭነት መኪና በር ነው። ከ1992 እስከ 2005 ድረስ ኒው ኦርሊንስ ተቀምጬ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት ለምግብ ቤቶች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለአብያተ ክርስቲያናት ወጥ ቤቶች የማደርስ ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር በፊት በር አይገባም። በጓሮ በር ገብቶ፣ ጆንያውን አውርዶ፣ ወረቀቱን የሚፈርምለት ሰው እጁን እስኪታጠብ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ አገሩን ያወቅሁት በዚያ ቆሞ በመጠበቅ ነው። የጓሮ በር ሰዎች ቸሮች ናቸው፤ የቆመ ሰው ሲያዩ በትንሽ ጎድጓዳ ሳሕን ጨልፈው ያቀርባሉ። እኔም ማንኪያውን ከማንሣቴ በፊት ሁልጊዜ ‹‹የአሳማ አለበት?›› ብዬ እጠይቅ ነበር። በዚያ አገር ‹‹ሥጋ የለበትም›› ማለት ብዙ ጊዜ ‹‹ቋሊማ ብቻ ነው ያለበት›› ማለት ነውና። እናቴ ባሳደገችኝ ሥርዓት አሳማም፣ ሸርጣንም፣ ሽሪምፕም አይበላም። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም የሌለበት ገምቦ ደግሞ በስንት ፍለጋ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ብዙውን ገምቦ ያወቅሁት በማሽተት፣ በማየትና ሲወራ በመስማት መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። የበላሁትን በበላሁበት ቦታ እናገራለሁ።

ከኒው ኦርሊንስ ልጀምር። ሰቨንዝ ዋርድ፣ በኛ አነጋገር ሰባተኛ ቀበሌ እንደማለት፣ ክሪዮል የሚባሉት ጥቁሮች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት ሰፈር ነው። ከተማይቱን የገነባው ግንበኛ፣ ለሳኝና አናጢ የወጣው ከዚያ ነው። በዚያ ሰፈር ባንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሚሠሩ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ እኔ በልቤ እትዬ እላቸው ነበር። የእርሳቸው ገምቦ ገበያ ማለት ነው፤ ሸርጣን ከነቅርፊቱ፣ ሽሪምፕ፣ ዶሮ፣ በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ከዚያም ሁለት ዓይነት ቋሊማ። ከሁለቱ አንዱ ሾሪስ የሚባለው የሚያቃጥለው ሲሆን፣ የሚገዙትም እናታቸው ትገዛበት ከነበረ ከሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ብቻ ነበር። በቅባት የሚቁላላው ዱቄት ሩ ይባላል፤ እርሳቸው ሩውን የሚያቁላሉት የለውዝ ቅቤ መልክ እስኪይዝ ነው። ‹‹ከዚያ ካለፈ አፍ ላይ የሚቀረው ዱቄቱ ነው፤ ሸርጣኔ ይጠፋብኛል›› ይላሉ። በሞቃቱ ወራት ባሚያና ቲማቲም ይጨምራሉ። በብርዱ ወራት ሁለቱንም ትተው ፊሌ ይነሰንሱበታል።

ፊሌ ሳሳፍራስ የሚባል ዛፍ ቅጠል ደርቆ ተፈጭቶ የሚገኝ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ያስተማሩት ያገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቾክታዎች ናቸው። የሚገባው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እየፈላ የገባ እንደሆነ ወጡን እንደ ክር ይጎትተዋል። ባሚያና ፊሌን ባንድ ድስት ማዋሐድ በብዙ ቤት ነውር ነው። ምክንያቱን ሳጣራ ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ባሚያ የሚገኘው በሙቀት ወራት ብቻ ነበር፤ ፊሌ ግን ደረቅ ነውና ለብርዱ ይቀመጣል። ባንድ ወቅት ሁለት ማወፈሪያ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ማቀዝቀዣው ከመጣ ወዲያ ምክንያቱ ቀረ፤ ነውሩ ግን ተረፈ። እንዲህ ያለ ምክንያቱ ሞቶ ነውሩ የቀረ ነገር በኛም ወጥ ቤት ሞልቷል።

አንድ የጥቅምት ቀን እትዬ ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት በዶሮና ከቱርክ ሥጋ በተሠራ ቋሊማ ለይተው ሠሩልኝ። ‹‹ይህ ገምቦ አይደለም፤ ነገር ግን ልጄ፣ ቆመህ ከምታየኝ ብላው›› አሉኝ። ገምቦ ባይሆንም በላሁት። ሁለተኛም ጨለፉልኝ።

የባሚያው መለጠጥ ግን አዲስ ነገር አልሆነብኝም። በ1985 ድንበር ተሻግሬ ገዳሪፍ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሱዳኖች ባሚያን አድርቀውና ወቅጠው ዌካ የሚሉትን ዱቄት ሲያዘጋጁ፣ ሙላህ በሚሉት ወጥ ላይም ሲነሰንሱት አይቻለሁ። በኪስራ ሲዛቅ ክር የሚያወጣው ያ ወጥ ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ላይ አልዋጥ ብሎን ነበር። ረኃብ አስለመደን፤ በኋላም ያለ ረኃብ ወደድነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን የባሚያ ገምቦ ሳይ ትዝ ያለኝ አገር ቤት ሳይሆን ገዳሪፍ ነው። ስደተኛ ሁለት ሦስት አገር እንደሚናፍቅ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

የገምቦ ስም ራሱ የባሚያ ስም ነው ይባላል። በአንጎላ ገደማ በሚነገሩ የባንቱ ቋንቋዎች ባሚያ ኪንጎምቦ ይባላል። ሌሎች ደግሞ ቾክታዎች ሳሳፍራስን ኮምቦ ይሉታልና የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። ብዙዎቹ አጥኚዎች ወደ ባሚያው ያደላሉ፤ እኔም አደላለሁ። ከአፍሪካ በቀጥታ ባሪያ የጫኑት የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሉዊዚያና የደረሱት በ1719 ነው። በፈረንሳዮች ዘመን ከተጋዙት አብዛኞቹ የተወሰዱት ከሴኔጋምቢያ ምድር ሲሆን፣ የሩዝ ዘርና ሩዝ ማብቀል የሚያውቅ እጅም አብሮ ተጭኖ መጣ። ሴኔጋል ውስጥ ዛሬም ሱፑ ካንጃ የሚባል የባሚያ ወጥ በሩዝ ላይ ይበላል፤ አይቶ ‹‹ይህማ ገምቦ ነው›› የማይል የሉዊዚያና ሰው ያለ አይመስለኝም። ዱቄት በቅባት ማቁላላቱ የፈረንሳይ ነው፤ ቅጠሉ የቾክታ ነው፤ ባሚያውና ድስቱን ሲያማስል የኖረው እጅ ግን የአፍሪካ ነው። በ1803 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ለአንድ የመንግሥት ግብዣ ገምቦ መቅረቡ ተጽፏል። በማን እጅ እንደተሠራ መጻፍ ግን የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ልማድ አልነበረም።

ባሚያ ራሱ ከየት ተነሣ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከኢትዮጵያና ከሱዳን ምድር ነው የሚሉ አሉ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ወይም ከእስያ ነው የሚሉም አሉ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖቼ ቡናውንም፣ ሉሲንም፣ ገምቦውንም ባንድ ጆንያ ጠቅልለው ወደ አገር ቤት ሊጭኑ ሲሞክሩ ሰምቻለሁ። እኔ አላግዛቸውም። ባሚያ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ የቆየ ምግብ ነው፤ ደገኛው ያማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን እንኳ የወሰደው ከዐረብኛ ነው። ባልበላነው ወጥ ባንመካ መልካም ነው።

ከኒው ኦርሊንስ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሆማና ወደ ባዩ ላፉርሽ ሲወርዱ ምድሩ እየሳሳ ውኃው እየበዛ ይሄዳል። ባዩ የሚሉት ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ረግረግ ያጀበው ወንዝ ነው፤ መንደሮቹ በወንዙ ግራና ቀኝ እንደ መቀነት ተዘርግተዋል። የሰዉ ኑሮ ከመረብ ላይ ነውና ገምቦውም የመረብ ነው፤ ሽሪምፕና ሸርጣን እንጂ ዶሮና ቋሊማ አብሮ አይገባበትም፤ መረቁም ቀጠን ይላል። ትኩስ ሽሪምፕ በማይገኝበት ወቅት በፀሐይ የደረቀውን ይጠቀማሉ። ሽሪምፕ ማድረቁን በባራታሪያ ባሕረ ሰላጤ ያስፋፉት ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ቻይናውያንና ፊሊፒናውያን ናቸው። ፊሊፒናውያኑ በውኃ ላይ በምሰሶ የሠሩት ማኒላ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር፤ ቤትሲ የተባለው ማዕበል በ1965 ጠራርጎ ወሰደው። መንደሩ ጠፍቷል፤ የደረቀው ሽሪምፕ ግን ዛሬም በገምቦው ውስጥ አለ። ስለ ሽታው የማውቀው ከበቂ በላይ ነው፤ አንድ ካርቶን የጫንኩ እንደሆነ ከመኪናዬ ሳይወጣ ይሰነብት ነበር።

ከባተን ሩዥ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው የአቻፋላያን ረግረግ የሚሻገረው 29 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ድልድይ ላይ ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ምልክት ነበረኝ፤ ከዚህ ድልድይ ወዲያ ወጡ ይጠቁራል። ላፋየት፣ ዩኒስ፣ ማሙ፣ ቪል ፕላት የሚባሉት ከተሞች ያሉበት የኬጀኖች አገር ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሩዝ ይዘራበታል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ባሕሩ ሩቅ ነው። እዚህ ገምቦ ማለት ዶሮና በጢስ የደረቀ ቋሊማ ነው። ዶሮዋም እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ብትሆን ይመረጣል፤ ብዙ ስለምትቀቀል መረቁን ታጣፍጠዋለች። ቲማቲም አይገባም። አይገባም ስል ‹‹ብዙ ጊዜ አይገባም›› ማለቴ አይደለም። አንድ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ በኒው ኦርሊንስ ቲማቲም እንደሚያስገቡ ስነግረው ማማሰያውን አስቀምጦ ‹‹እነሱማ ፓስታ ይሥሩ›› አለኝ።

የሩው ነገር እንደ ሃይማኖት የሚጠበቀው እዚህ ነው። በብረት ድስት፣ እኩል ዘይትና እኩል ዱቄት፣ በዝግታ እሳት፣ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት፣ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል። መጀመሪያ አሸዋ ይመስላል፤ ቀጥሎ የለውዝ ቅቤ፤ ቀጥሎ ያረጀ የመዳብ ሳንቲም፤ መጨረሻ ላይ ቸኮላት። ከዚያ ጥቂት ያለፈ እንደሆነ ያራል፤ ጥቁር ነጥብ የታየበት ሩ መድኃኒት የለውም፤ ይደፋል። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮኽ አይነሣም። ከኦፔሉሳስ ተነሥቶ ዓለም ያወቀው ወጥ ሠሪ ፖል ፕሩዶም (በ2015 ነው ያረፈው) ትኩሱን ሩ የኬጀን ናፓልም ይለው ነበር፤ ቆዳ ላይ የተፈናጠረ እንደሆነ ተጣብቆ ያቃጥላልና። ሽንኩርት በደረቁ ስታቁላላ እጇ ሳያርፍ የኖረች ሴት ልጅ ስለሆንኩ ይህን ትዕግሥት አውቀዋለሁ። ቁሌቱ ካልበሰለ ወጡ እንደማይበስል ለኬጀን ማስረዳት አያስፈልግም። ሩው ከደረሰ በኋላ የሚገባው ቀይ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ነው፤ ሦስቱን ባንድነት ሥላሴ ይሏቸዋል። ይህን አጠራር ስሰማ በልቤ ማማተቤ አልቀረም።

አንድ ነገር ግን አስገርሞኝ ነበር። መልኩ እንዲያ የጠቆረው የሜዳው ገምቦ ከኒው ኦርሊንሱ ይልቅ ቀጭን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዱቄት በጠቆረ ቁጥር ጣዕሙ እየበረታ ይሄዳል፤ የማወፈር ኃይሉ ግን በእሳቱ እየተሰበረ ይቀንሳል። አብዝቶ ያቁላላ ሰው ጣዕም ያተርፋል፤ ውፍረት ይከስራል። ስለዚህ ቀጭኑን ገምቦ አይቶ ‹‹ሰነፍ ሴት የሠራችው›› የሚል የከተማ ሰው ምን ያህል ክንድ እንደደከመበት አያውቅም።

በዚያው በሜዳው አገር የድንች ሰላጣ በገምቦው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከጎኑ ሳይሆን ውስጡ። ሩዝ ባለበት ድንች ምን ይሠራል ብዬ የጠየቅኋት አስተናጋጅ እንደ ሕፃን አየችኝ። አንዳንድ ቤት ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል ይገባበታል፤ አንዳንዱም ጥሬውን በሚፈላው መረቅ ላይ ሰብሮ እዚያው ያበስለዋል። ዩኒስ አጠገብ ባንድ ትንሽ ምግብ ቤት ቋሊማ ያልነካው፣ ዶሮና እንቁላል ብቻ ያለበት ገምቦ አቀረቡልኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበርና አልጾምም። በጥቁር መረቅ ውስጥ የዶሮ ብልት ከነአጥንቱ፣ አጠገቡ ሙሉ እንቁላል! በርበሬውና ቅቤው ቢቀር መልኩ የማውቀው መልክ ነው። ከገምቦ ሁሉ ይህን እወዳለሁ። ፍርዴ ያደላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዶሮ ወጥ አገር ሰው ነኝ። እትዬም ይህን የነገርኳቸው ዕለት ‹‹ድሮም የሸርጣን ምላስ የለህም›› ብለው ዘግተውታል።

ኬጀኖች ስደተኞች መሆናቸውን ያወቅሁት ከወጣቸው በኋላ ነው። አባቶቻቸው አካዲያ በሚባለው በዛሬይቱ ካናዳ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ፈረንሳዮች ናቸው። በ1755 እንግሊዞች ቤታቸውን አቃጥለው፣ በመርከብ ጭነው፣ በየጠረፉ በተኗቸው። ጥቂቶቹ ከ1764 ጀምሮ ሉዊዚያና ገቡ፤ በ1785 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ተጠግተው ከነበሩት 1,600 ያህል ሰዎች በሰባት መርከብ መጡ። የእንግሊዝ ዘውድ በደሉን በዐዋጅ የተቀበለው በ2003 ነው፤ 248 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከቀዝቃዛ አገር ባሚያም ፊሌም ይዘው አልመጡም። ያገኙትን ከአፍሪካዊውና ከቾክታው ተማሩ፤ ሩውን አጠቆሩት፤ ከዚያም የኛ ነው አሉት፤ ሆነላቸውም። ከዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ በሚውለው ማክሰኞ ማሙና ዩኒስ አካባቢ ጭንብል ያጠለቁ ፈረሰኞች ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት እየዘፈኑና እየለመኑ ለጋራው ገምቦ የሚሆን ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቋሊማ ይሰበስባሉ። ባለቤቱ ዶሮ ከነሕይወቷ ይለቃል፤ እነሱም በጭቃ ውስጥ ያባርሯታል። በቡሄ ‹ሆያ ሆዬ› ያለ ሰው ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ደግሞ ሌላ ገምቦ አለ። ገምቦ ዜርብ ይሉታል፤ የቅጠል ገምቦ እንደማለት ነው። በኒው ኦርሊንስ በጸሎተ ሐሙስ ይበላል። የሰናፍጭ ቅጠል፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናች፣ የቀይ ሥር ቅጠል፣ የካሮት ቅጠል ተቀቅሎ ይፈጭና ይገባበታል። የቅጠሉ ዓይነት ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሰባት ወይም ዘጠኝ። በቅጠሉም ቁጥር በዓመቱ አዲስ ወዳጅ ይገኛል ይላሉ። በዚህ ገምቦ ከሁሉ በላይ የታወቁት በ1941 በተከፈተው በዱኪ ቼዝ ምግብ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁት ወይዘሮ ሊያ ቼዝ ናቸው፤ በ1923 ተወልደው በ2019 አርፈዋል። ጥቁርና ነጭ ባንድ ገበታ መቀመጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን የመብት ታጋዮች እየተሰበሰቡ የመከሩት በዚያ ቤት ፎቅ ላይ፣ የእርሳቸውን ገምቦ እየበሉ ነበር። የዛሬው ገምቦ ዜርብ ከስሙ በስተቀር ጾም አይደለም፤ ከስቅለት በፊት የመጨረሻው የሥጋ ቀን ነው ብለው ሥጋውን ከቅጠሉ በታች ይደብቁታል። በ2001 እና በ2004 የነሱና የኛ ፋሲካ ባንድ ቀን ውሎ ነበር። በ2004ቱ ጸሎተ ሐሙስ የከተማው ወጥ ቤት ሁሉ በቅጠል መዓዛ ታፍኖ ሳለ እኔ ባለቤቴ የቀቀለችውን የባቄላና የስንዴ ጉልባን በላስቲክ ቋጥሬ በመኪናው ውስጥ እቆረጥም ነበር። እትዬ አንድ እፍኝ ዘግነው ቀመሱና ‹‹ጨው አነሰው›› አሉ።

ከሉዊዚያና ውጭ ስላለው ብዙ አልናገርም። በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ያሉት ጥቁሮች ባሚያና ቲማቲም ያለ ሩ ይሠራሉ፤ የባሚያ ሾርባ ይሉታል። በ1824 በታተመው በቨርጂኒያዊቷ በሜሪ ራንዶልፍ የምግብ መጽሐፍም ውስጥ ገምቦ የተባለው ተቀቅሎ በቀለጠ ቅቤ የሚቀርብ ባሚያ ነው። ይህ የሚያሳየው የዱሮው ነገር ባሚያው እንጂ ሩው አለመሆኑን ነው፤ ለኬጀን ወዳጆቼ ይህን ባልናገር ይሻለኛል። በ2016 ደግሞ ዲስኒ ኪንዋና ኬል ያለበት ‹ጤናማ ገምቦ› በፊልም አሳይቶ የሉዊዚያና ሕዝብ ቁጣ ስለ ወረደበት ፊልሙን አንሥቷል። ድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ባንድ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነሐሴ 29 ቀን 2005 የካትሪና ማዕበል መጣ፤ ግድቦቹ ተሰበሩ፤ የኒው ኦርሊንስ ሰማንያ በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ሂዩስተን ገባሁ፤ ሁለተኛ ስደቴ ነው። እትዬን ልጃቸው አትላንታ ወሰደቻቸው። ዱኪ ቼዝ እንኳ እስከ 2007 ተዘግቶ ቆይቷል። በስልክ ስንነጋገር ስለ ቤታቸው አንድ ጊዜ፣ ስለ ሾሪሱ ዐሥር ጊዜ ነበር የሚያነሡት። ሥጋ ሻጩ ዳላስ ነው ሲባል ሰምተዋል፤ ሱቁን ዳግመኛ አልከፈተም። በአትላንታ ገበያ ቋሊማ ሞልቷል፤ ዘጠኝ ዓይነት ገዝተው ሞክረው ዘጠኙንም ለውሻ ሰጥተዋል። ገምቦ መሥራት ግን አላቆሙም። ‹‹የሚከፋኝ ጣዕሙ አይደለም›› አሉኝ አንድ ቀን፤ ‹‹እዚህ የሚበሉት ሁሉ ‹ግሩም ነው› ይላሉ። እንዲህ አይደለም የሚለኝ ሰው የለም።›› በ2011 አትላንታ ውስጥ አረፉ። ልጃቸው የምትሠራው ከመደብር በጠርሙስ በተገዛ ሩ ነው። በዚህ አልፈርድባትም፤ በሜዳው አገር ያሉ ባልቴቶችም ሳያፍሩ በጠርሙሱ ይሠራሉ፤ ወጡም ወጥ ነው። ነገር ግን የጠርሙሱ ሩ አንድ መልክ ብቻ አለው። የለውዝ ቅቤ ላይ የሚያቆመው እጅ ከእትዬ ጋር ሄዷል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሰው ወጥ ብቻ አስቤ አይደለም። በሂዩስተን ያሉትን የኛን ምግብ ቤቶች፣ ዋሺንግተንም፣ ፍራንክፈርትም፣ ዱባይም ሄጄ ያየኋቸውን ሁሉ ሳስብ፣ በየአገሩ የሚቀርበው በየዓይነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታየኛል። ያው ምስር፣ ያው ጎመን፣ ያው ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ያው ዶሮ ወጥ አንድ እንቁላል መሐሉ ላይ። ባለ ምግብ ቤቶቹን አልወቅስም፤ በርበሬው ከአንድ አስመጪ ነው፤ ተመጋቢው ከሁሉም አገር ነው፤ የወሎውን ለጎጃሜ፣ የጎጃሙን ለሐረሬ አቅርቦ ማን ይከራከራል? የሚያስማማውን መሥራት ያዋጣል። ግን ልጆቼ ዶሮ ወጥ አንድ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ባደግሁበት ቤት ሁለት ነበር። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጠጅ ጠብ ታደርግበት ነበር። የአባቴ እኅት ከጎጃም በመጡ ቁጥር ‹‹ጠጅ ይጠጣል እንጂ አይበላም!›› እያሉ ድስቱ ላይ ይቆሙባታል። እናቴ አንድም ቀን አልመለሰችላቸውም፤ አንድም ቀን ጠጁን አልተወችውም። ያ ክርክር ሠላሳ ዓመት ኖረ፤ ሁለቱም ዶሮ ወጥ ሳይበላሽ የኖረው በክርክሩ ይመስለኛል። እትዬ ‹እንዲህ አይደለም የሚለኝ ሰው የለም› ያሉኝ ዕለት መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ አክስቴ ናቸው።

ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደብተር ይዤ በቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት የሚያገለግሉትን እናቶች እየዞርኩ እጠይቃለሁ። የትውልድ አገርዎ የት ነው? ሽንኩርቱን በምን ያህል ሰዓት ያቁላላሉ? ቅቤው መቼ ይገባል? ማን አስተማረዎት? አንዳንዶቹ ይስቁብኛል፤ አንዲት የደሴ እናት ለመንግሥት የምሠራ መስሏቸው ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ካንድ ቤት የወጡ ሁለት እኅትማማቾች ስለ ኮረሪማው ተቃራኒ መልስ ሰጥተውኛል፤ ሁለቱንም በየስማቸው አስፍሬአለሁ። እስካሁን ዐሥራ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ጠይቄአለሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ ከሐረር የመጡ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ቀጥረውኛል፤ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ልጬና ከትፌ ይዤ ካልመጣሁ ግን አፋቸውን እንደማይከፍቱ በልጃቸው በኩል ተነግሮኛል።